የተዘለሉት ገጾች

ስለ አንድ ዝነኛ የጦርነት ልቦለድ ደራሲ ሲጠየቅ መጽሐፍ ሻጩ ይስቃል። «ግማሹ አንባቢ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ቀጣዩን ይገዛል፤ ግማሹ እንቅልፍ አስያዘኝ ብሎ ሊመልስልኝ ይመጣል።»

አንዲት ወጣት ከሁለተኞቹ ናት። እሷ እንደምትለው በልቦለዶቹ ውስጥ ያሉት ሰዎች ደም የላቸውም፤ የሰርጓጅ መርከቡ ሞተር ግን አንጀቱ ሳይቀር ተዘርግፎ ይተረካል። አባቷ ደግሞ ዕድሜያቸውን የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ ለዚያ ደራሲ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ዓይናቸው ጠፍቶ አልጋ ከያዙ ወዲህ አዲሱን መጽሐፍ የምታነብላቸው እሷ ናት። ማን ያየኛል ብላ የማሽኑን ገጽ ሁሉ እየዘለለች ወደ ተኩሱ ትሮጣለች።

አንድ ቀን አባቷ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ይብቃሽ ልጄ። ሰውዬው አርጅቷል።»

«ማን?»

«ደራሲው ነዋ! ድሮ ሞተር ሲፈታ ቡሎኑ እጄ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። አሁን ተኩስ ብቻ። እሱም እንደኔ አለቀለት። በቃ፣ ተይው።»

ፊቷ ጋለ። ሐኪሙ ብዙ ቀን እንደሌላቸው ነግሯታል። የቀረቻቸውን አንዲት ደስታ የነጠቀቻቸው እሷው ናት። ዝም ብትል ደራሲውን እንደተቀየሙ ይሞታሉ፤ ብትናገር እሷን።

«አባባ፣ እሱ አላረጀም። እኔ ነኝ የዘለልኩት። ማሽኑን በሙሉ።»

አባቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

«አይ የኔ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ሥጋውን እየጣልሽ አጥንቱን ስታበይኝ ከረምሽ? በይ፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

እየተደናቀፈች ስለ ሰርጓጅ መርከቡ ፓምፕ ማንበብ ጀመረች። የአባቷ ጣቶች ብርድ ልብሱ ላይ ይዞራሉ፤ የሌለ ቡሎን ያጠብቃሉ።

«እዚህ ጋ ደራሲው ተሳሳተ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «የፍል ውሃው ግፊት ሳይወርድ ክዳኑን አስከፈተ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው ክንዴን የተቃጠልኩት።»

ያንን ጠባሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ከየት እንደመጣ ግን ጠይቃቸው አታውቅም። አፈረች። ከዚያ በኋላ በየገጹ እያስቆሙ ስለ ሥራቸው ያወሯት ጀመር፤ መጽሐፉም አልገፋ አለ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ስለ አንድ ቫልቭ እያነበበች ሳለ ጣቶቻቸው ቆሙ። ጠራቻቸው። እጃቸውን ያዘች፤ ጠባሳውን ዳሰሰች፤ አለቀሰች። ምዕራፉ ገና አላለቀም ነበር። እንባዋን ጠርጋ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ አንድም መስመር ሳትዘል እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው።