ከአዛኑ በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት

የአማርኛውን ፕሮግራም የሚሰማ ሰው ስለመኖሩ ጣቢያችን ምንም ማስረጃ አልነበረውም። ለሶማሊኛው ክፍል ሀርጌሳ ውስጥ የማይደውል የለም፤ ግመል የጠፋበት ይደውላል፣ ግመሉን ያገኘው ይደውላል፣ አንዱ ገጣሚ ደውሎ ሌላውን በግጥም ይዘልፋል። ለአማርኛው ግን ስልኩ ጮኾ አያውቅም። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ከኢትዮጵያ መጥቶ ኮድቡር ወይም ጅግጅጋ ያር ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ የመኖሪያ ወረቀቱም ጊዜው ያለፈበት ሰው፣ የመንግሥት ሬዲዮ ላይ ደውሎ "እገሌ ነኝ፣ የምደውለው ከዚህ ሰፈር ነው" አይልም። ሞኝ አይደለም።

እኔ ሳማታር እባላለሁ፤ የስቱዲዮ ቴክኒሻን ነኝ። እዚሁ ተወልጄ ድሬዳዋ ስላደግሁ፣ አማርኛው ሲተላለፍ ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጡት እኔን ነው። አንባቢዋ መሪማ ናት፤ ደሴ ተወልዳ እዚህ ያረጀች ሴት። በዕድሜ እናቴ ብትሆንም ድሬ ላደገ ሰው አንቱታ አይሆንለትም፤ አንቺ እላታለሁ፣ ለማካካሻ "ኤዶ" እጨምርበታለሁ፣ በሶማሊኛ አክስቴ እንደማለት። ባል የላት፣ ልጅ የላት። ያላት ያ ግማሽ ሰዓት ነበር። ዜና ታነባለች፣ የበግ ገበያውን ትናገራለች፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ምን እንደሚጠጣ ትመክራለች፤ ከዚያ ወረቀቷን ሰብስባ ስትወጣ "ሳማታር፣ ሰው ግን ይሰማናል?" ትለኛለች።

"እንዴታ፣ ኤዶ" እላታለሁ። ከየት አውቄ?

ዘንድሮ አዲስ የፕሮግራም ኃላፊ ተሾመልን፤ ሀይቤ ይባላል። አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ቢያንስ ይጣሉታል። ረመዳን ሲገባ ሁለታችንንም ጠርቶ "ፊድባክ የሌለው ፕሮግራም ፕሮግራም አይደለም" አለን። እስከ ዒድ አንድም አድማጭ ካልተገኘ አማርኛው ይዘጋል። ከረመዳኑ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ከግማሽ ሰዓቱ የመጨረሻውን አሥር ደቂቃ ቆርጦ ለቲማቲም ድልህ ማስታወቂያ ሰጠው።

መሪማ በአየር ላይ ለመነች። "ደውሉልን፤ ስማችሁን አንጠይቅም" አለች። ስም አንጠይቅም የሚል መንግሥት ያስፈራል እንጂ አያበረታታም፤ ማንም አልደወለም። እሷም ከስታ ከስታ አንድ ፍሬ ሆነች። እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው።

አሁን የአሠራራችንን ነገር ልንገራችሁ። በረመዳን ፕሮግራማችን የሚያልቀው ልክ መግሪብ ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መሪማ ሰዓት አታይም፤ የምታየው ከመስተዋቱ ወዲህ ያለውን የእኔን እጅ ነው። እጄን ሳነሳ "ሰዓቱ ደርሷል፣ አፍጥሩ፣ አላህ ይቀበላችሁ" ትላለች፤ እኔ አዛኑን እለቃለሁ። ስንት ረመዳን እንዲህ ሠርተናል። አሥሩ ደቂቃ በተቆረጠ በመጀመሪያው ቀን ጊዜሽ አልቋል ለማለት እጄን አነሳሁ። እሷም ሁልጊዜ የምትለውን አለች። እኔም በታዘዝኩት መሠረት ድልሁን ለቀቅኩ።

ቀዩ መብራት ጠፋ። ተያየን።

"ምን አልኩ?" አለችኝ።

"አፍጥሩ አልሽ።"

"ሱብሃነላህ። መልሰኝ፣ ልንገራቸው።"

ማስታወቂያ ማቋረጥ ክልክል መሆኑን ሀይቤ በሩ ላይ ለጥፎታል፤ ማሽኑንም ቆልፎታል። አሥር ደቂቃ ሙሉ ስለ ድልህ የሚዘፍን ሰው እያዳመጥን ተቀመጥን። መሪማ ሁለት እጇን ዘረጋች። ዕድሜ ልኳን ሰው ይሰማናል ወይ ስትል የኖረች ሴት፣ "ያ ረቢ፣ ዛሬስ ማንም ባልሰማን" ብላ ዱዓ አደረገች።

ዱዓዋ አልደረሰም። በማግስቱ ጠዋት ግቢው በር ላይ ሰው ተኮልኩሎ አገኘን። ግንበኞች አሉ፣ የቤት ሠራተኞች አሉ፣ የጭማቂ ቤት አስተናጋጆች አሉ፤ 31 ሜይ ከሚባለው ሰፈር ድረስ በባጃጅ ተጭነው የመጡ አሉ። ለወረቀት ጉዳይ የፈሩትን ግቢ ለፆማቸው ሲሉ ገቡበት። ከፊት የቆሙት ጅግጅጋ ያር ልብስ የሚሰፉት አባባ አብዱልሃሚድ ነበሩ። ሀይቤ እኔን ለአስተርጓሚነት ይዞ ወጣ።

"ምን ፈልገው ነው?" አለኝ።

"ከመግሪብ በፊት አፍጥረዋል። የዕለቱ ቀዷ፣ የተበላሸውን ፆም መልሶ መፆሙ፣ በማን ላይ እንደሆነ ሊጠይቁ ነው።"

"ማን አፍጥሩ አላቸው?"

"እኛ።"

ሀይቤ ትንሽ አሰበ። "አማርኛውን ይሰማሉ ማለት ነው? ጠይቃቸው።"

ጠየቅኳቸው። አባባ አብዱልሃሚድ የዘበኛውን ጠመንጃ አዩ፣ ኋላቸው ያለውን ሰው አዩ። "እኛ እንኳ አንሰማም" አሉ። "ትናንት በአጋጣሚ ነው።" ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

"የመስጊዱ አዛን ገና እኮ አልተባለም ነበር" አልኳቸው።

"ሙአዚኑ ዘገየ ብለን አማነው፤ አላህ ይቅር ይበለን። እሷ ተሳስታ አታውቅማ።"

ይህንን ስተረጉምለት ሀይቤ ፊቱ በራ። "ይኼ ነው ፊድባክ" አለኝ። ወዲያው ወደ ኮሪደሩ ተመልሰን ውሳኔውን ነገረኝ። አማርኛው አይዘጋም። ነገር ግን በሰው ፆም ቀልዳችኋል የሚል ስልክ ከበላይ መምጣቱ አይቀርም፤ ለጥፋቱ አንድ ሰው ያስፈልጋል። "ከዛሬ ጀምሮ አንተ ታነባለህ።"

ደሜ ፈላ። "አሥሩን ደቂቃ የቆረጠው ማን ሆነና ነው?"

"ደቂቃ አፍጥሩ አይልም" አለኝ፤ በተረጋጋ ድምፅ።

መሪማ በሩ ጋ ቆማ ኖሯል። ሶማሊኛ ከእኔ እኩል ትሰማለች።

"ግማሽ ሰዓቱ ሙሉውን ይመለሳል?" አለችው።

"ይመለሳል።"

"እሺ" አለች። ሻሿን አስተካክላ ወደ ግቢው ወጣች።

መልኳን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። በትከሻዋ ላይ አሻግረው የሬዲዮዋን ሴት ይፈልጋሉ። አንዲት ልጅ እንዲያውም "እማማ፣ ተራው ከኋላ ነው" አለቻት። መሪማ ቀዷው በየራሳቸው መሆኑን ነግራ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልትላቸው ነበር የወጣችው። ጉሮሮዋን ጠረገች፤ መጀመር በምታውቀው መንገድም ጀመረች።

"ውድ አድማጮቻችን፣" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ድምፁ ዞረ። እንደማይሰሙ የነገሩኝ አባባ አብዱልሃሚድ ቆባቸውን አወለቁ።

"አቤት" አሉ።