ቀይ ወረቀቱ ከተለጠፈ በኋላ

ሴራሚክ አንጣፊው ማንጻንግ መንፈቅ ሙሉ በአለቃ ዶንግ ሕንፃ ላይ ሲሠራ ኖሮ ደመወዙን አላየም። ዛሬ ነገ ሲባል የቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ደረሰ። የሚስቱን የሱዬን ዓይን ደግሞ ሞራ ጋርዶታል፤ ሐኪሙ፣ ቀብድ ካመጣችሁ ከበዓሉ ማግስት ቀዶ ሕክምናውን እሠራላታለሁ ብሏል።

በማለዳ አለቃው ቤት ሄደ። በበሩ ግራና ቀኝ የበዓሉ የመልካም ምኞት ቀይ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀት የተለጠፈበትን በር ባለዕዳ ፍለጋ ማንኳኳት በአገሩ ልማድ ነውር ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ገና ሙጫ እያማሰለ ነው፤ አለቃ ዶንግ ግን ሳምንት ቀድሞ ለጥፎታል። ማንጻንግ አንዱ ጫፍ ተላቆ ቢያይ በመዳፉ ጫን አድርጎ አጣበቀለትና ተመለሰ።

ሱዬ ስትሰማ አልተቆጣችም። ያየኸውን ሁሉ ካልለጠፍክ አይሆንልህም አለችና፣ ሻርፑን አንገቱ ላይ ጠምጥማለት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይዛው ወጣች። መንገዱን የምትመራው እሷ፣ ደረጃ በደረሱ ቁጥር የሚነግራት እሱ።

የጽሕፈት ቤቱ ወጣት ሠራተኛ ሁሉንም ሰማች። ውል የለኝም ሲላት፣ አለቃው “ከበዓሉ በፊት እከፍልሃለሁ” ብሎ በስልክ የላከው የድምፅ መልእክት ለማስረጃ ይበቃል አለችው።

“ታዲያ አጎቴ፣ ለምን አላንኳኩም?”

“ወረቀቱ ተለጥፎ ነበራ።”

“ሕግ እኮ በር አያንኳኳም። ይጠራል እንጂ።”

ስልኩን ልታነሳ ስትል ማንጻንግ እጁን ጫነበት። አለቃው ዛሬ ከእናቱ ጋር ማዕድ ይቀርባል፤ አሮጊቷ እንዳይደነግጡ ከበዓሉ በኋላ ቢሆንስ አለ። ልጅቷ ሱዬን አየቻት። ሱዬ ወደ ባሏ ዞረች፤ ፊቱን ለመለየት እስከ አፍንጫው ተጠጋች።

“እኔም የሰው እናት ነኝ፣ ማንጻንግ። ደውዪ፣ ልጄ።”

እጁን አነሳ።

አለቃ ዶንግ ስልኩን አንስቶ በቅድሚያ ስለ ቀይ ወረቀቱ አስረዳ። ልጅቷ በትሕትና አስጨርሳው፣ ካልከፈለ መጥሪያ እንደሚደርሰውና ከነቅጣቱ እንደሚከፍል ነገረችው። ባልና ሚስቱ ገና ከግቢው ሳይወጡ የማንጻንግ ስልክ ጮኸ። ገንዘቡ ገብቷል፣ ሙሉውን።

ማንጻንግ ቆመ። ለአለቃው ደውሎ እንኳን አደረሰህ ሊለው ፈለገ። ሱዬ ስልኩን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደችው።

“መጀመሪያ ለሐኪሙ” አለችው።