ጠመንጃው ለወንድ፣ መርፌው ለሴት

«ጠመንጃ ለወንድ ልጅ ነው» የሚለው የአባቷ ቃል እስከ ዛሬ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሟል። አባቷ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። ዓይኑ ሲደክም ብረቱን በላምባ የምታጥበው፣ የምትፈታው፣ የምትገጥመው እሷ ነበረች። ሲሞት ግን የገዛ ጠመንጃውን፣ መዶሻ በወጉ መያዝ ለማያውቀው ለታናሽ ወንድሟ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የእህትና የወንድም ሰላምታ ከአንገት በላይ ሆነ።

ዛሬ ያው ወንድሟ የስፌት መኪና ከምትጠግንበት ሱቅ ገብቶ በጨርቅ የተጠቀለለ ብረት ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ።

«ምን እግር ጣለህ?» አለችው ቀና ሳትል።

«የአባባ ጠመንጃ መዝጊያ ነው። መርፌውን አውጪልኝ፣ እትዬ።»

«ደግሞ ለምን?»

«ልጄ ከጎረቤት ጋር በአጥር ተጣልቷል። ትናንት ጠመንጃውን ሲወለውል አገኘሁት። ብደብቀው ቤቱን ገልብጦ ያገኘዋል፤ ልንጠቀው ብል ጉልበቱ ከኔ በልጧል። መርፌ ከሌለው ግን ዱላ ነው። ከሥራ ሳይመለስ መዝጊያውን ቦታው ልመልሰው።»

«ወንዱ ያውጣው» ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ልጁን ጥርስ ሳያበቅል አዝላዋለች። ቃሉን ዋጠችው።

ጨርቁን ፈታች። ጥይቱን የሚመታው መርፌ መዝጊያው ሆድ ውስጥ ነው፤ እሱን የሚይዘው ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ ፒን ነው። የፒኑ አናት ተጨፍልቋል።

«ማነው እንዲህ የቀጠቀጠው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ስታገለው ነበር።»

«ፒኑ ባንድ ወገን ቀጠን ይላል እኮ! የሚወጣው ከቀጭኑ በኩል ሲመታ ነው። አንተ በወፍራሙ እየመታህ ጭራሽ ቀርቅረኸዋል። ይህን እንኳ አታውቅም?»

«ማን አሳይቶኝ!» ድምፁ ተሰበረ። «ጠመንጃውን ለኔ፣ ሙያውን ላንቺ። አንቺና አባባ ውስጥ ስትስቁ እኔ ደጅ ቆሜ እሰማ ነበር።»

እጇ መዶሻው ላይ ቀረ። ደጅ የቆመ ሰው እንደነበር አንድ ቀን እንኳ አስባ አታውቅም።

መዝጊያውን ገልብጣ በብረት ማሰሪያው ሞርሳ ላይ አሰረችው። ላምባ አንጠባጠበችበት፣ በእሳት አሞቀችው፣ መታች። ወይ ፍንክች! ፒኑ ላይ የደገነችው መምቻ ብረት ተንሸራቶ ጣቷን ላጠው።

«ተዪው በቃ፣ እትዬ።»

«ዝም ብለህ መምቻውን ያዝልኝ!»

እሱ ያዘ፣ እሷ መታች። ብዙ ከታገሉ በኋላ ፒኑ ጠብ አለ። መርፌው ከነጥምዝ ሽቦው ተንሸራቶ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ባዶውን መዝጊያ በጨርቁ ጠቅልላ ሰጠችው። አልሄደም።

«ነገሩ ሲበርድ ጠመንጃውን ውሰጂው። ድሮም ያንቺ ነበር።»

ይህን ቃል ስንት ዘመን ጠብቃዋለች! አሁን ሲመጣ አልጣማትም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ወንድሟ ሸብቷል፤ እሷም አርጅታለች፤ መካከል ላይ የነበረው ዕድሜ በኩርፊያ አልቋል።

መርፌውን ሞርሳው ላይ አጠበቀችና መዶሻውን አነሳች።

«ኧረ እትዬ! አባባ በእጁ የሠራው ነው!»

«አውቃለሁ። ወናፉን የነፋሁለት እኔ ነኝ» አለችና መታችው። መርፌው ባንድ ምት ለሁለት ተሰበረ።

ስባሪውን ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጣለች፤ እጇን ጠርጋ የሱቁን ቁልፍ አነሳች።

«በል ቅደም። ልጁን አብረን እንጠብቀው።»