ዘጠኙ ተግደርዳሪዎች

ባሌ አብዱራሕማን ደግ ሰው ነው። ይህን የምለው ላመሰግነው ሳይሆን ላማርርበት ነው። ሰው ቤት ማዕድ ቀርቦለት፣ ሆዱ እየጮኸ፣ «አሁን በልቼ ነው የመጣሁት» የሚል ዓይነት ነው። ወሎ ሳለን ይህን ጠባዩን ጨዋነት ብዬ ወድጄለት ነበር። አዲስ አበባ ገብተን፣ ከሲኤምሲ ወዲያ ውሃ በሌለው ታችኛው ሰፈር ቤት ከሠራን በኋላ ግን ጨዋነት ጄሪካን እንደማይሞላ ገባኝ።

በሰማንያ ስምንት ዓ.ም. ለቀበሌያችን አንድ ቦኖ ውሃ ተፈቀደ፤ አንድ ብቻ። የት እንደሚተከል የሚወስነው የቀበሌው ምክር ቤት ነው። ላይኛው ሰፈር ግማሹ ሰው በግቢው ቧንቧ አለው። እኛ ታችኞቹ ግን ሃያ ሊትር በጀርባችን አዝለን አርባ ደቂቃ እንሄዳለን። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረወልድ ላይኛው ሰፈር በራቸው ላይ ሻይ ቤት ሊከፍቱ ስላሰቡ ቦኖው ከበራቸው ፊት ለፊት እንዲቆም ፈልገዋል። ከአሥራ አምስቱ የምክር ቤት አባላት ውስጥ ከታችኛው ሰፈር የተመረጠው ባሌ ብቻ ነበር።

በዚህ መሃል ከወረዳ ደብዳቤ መጣ። አሥራ አምስት አባል በዝቷልና በነዋሪው ፊት ወደ ሰባት ይቀነስ ይላል። ሁለት ጊዜ ተሰብስበው ማንም ማንንም ሳይቀንስ ተበተኑ። ሁሉም የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። ዛሬ «አንተ ውጣ» ያሉት ሰው ነገ ቀባሪ ነው፤ እንዴት ተደርጎ።

ለሦስተኛው ስብሰባ እሑድ ጠዋት ስንወጣ ባሌን በር ላይ ያዝኩት። «ዛሬ ወንበርህን እንዳትለቅ። ከለቀቅህ ቦኖው ላይኛው ሰፈር ቀረ ማለት ነው» አልኩት።

«አብሽሪ፣ አታስቢ» አለኝ። አብሽሪ ሲለኝ ነው የምፈራው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ ከጎረቤቴ ከወይዘሮ ጥሩነሽ ጋር በነዋሪው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጥሩነሽ ወገቧን በጄሪካን የጨረሰች ሴት ናት። ከፊት ለፊታችን አባላቱ ተደርድረዋል። ቃለ ጉባኤ የሚይዙት አቶ ኢዮስያስ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት ጽፈው ጡረታ የወጡ ናቸው። አፍ ያወጣውን ሁሉ እንደወጣ ይጽፋሉ፤ ሰው ቢያስነጥስም የሚጽፉት ይመስለኛል።

አቶ ገብረወልድ ተነሡ። «ወገኖቼ፣ እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ይቀነስ ከተባለ ከእኔ ይጀመር። ልቀቁኝ።»

እንዲህ ያለ ሰው መሄድ እንደማይፈልግ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ሁሉም ብድግ ብድግ አሉ። «ኧረ በፈጠረዎት»፣ «ያለ እርስዎማ ይህ ቀበሌ ምን ይሆናል» ተባለ። በመጀመሪያው ልመና እሺ ማለት ደግሞ ነውር ስለሆነ፣ እጃቸውን አወናጨፉ። «አይ፣ በቃኝ። አትለምኑኝ፣ አልመለስም።» ይህን ብለው ሁለተኛውን ልመና ሊሰሙ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

ያኔ ባሌ ተነሣ። ለምኖ ቢቀመጥ ምን ነበረበት። ደግነቱ ገፋው እንጂ።

«እርስዎ ደክመው እኔ እዚህ ልቀመጥ?» አለ። «አፉ በሉኝ፣ ይህማ ነውር ነው። እኔም ለታናናሾቼ ቦታ ልልቀቅ።» ብሎ አንገቱን ደፍቶ፣ እስኪለመን ቆሞ ጠበቀ።

አቶ ገብረወልድ የራሳቸውን ጉዳይ ረሱት። ዓይናቸው በራ። «እግዜር ይስጥልን፣ አቶ አብዱራሕማን። አቶ ኢዮስያስ፣ ይጻፉልኝ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ጥሩነሽ ደግሞ ጥፋቱ የእኔ ይመስል ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ባሌ ጥቂት ቆሞ ዙሪያውን አየና ተቀመጠ። ሲግደረደሩ ጦም ማደር የሚባለው ይኸው ነው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ጉንፋን ተዛመተ። ነጋዴው ሙክታር ተነሣ። «አብዱራሕማን ወርዶ እኔ ልጎለት? እኔም ይቅርብኝ» አለና እስኪለመን ጠበቀ። ተጻፈ። ከጎኑ ያለው «ሙክታርን ያህል ሰው ለቅቆማ…» ብሎ ተነሣ። ተጻፈ። አንዱ ሲለቅ ቀጣዩ ወንበር ወዳድ እንዳይባል ይነሣል፤ ይጠብቃል፤ ለማኝ ያጣል፤ በጥፊ እንደተመታ ሰው ይቀመጣል። አቶ ገብረወልድ በጣታቸው ሲቆጥሩ ቆይተው «ይበቃል፣ ስምንት ሞላ። እንፈርምና እንበተን» አሉ።

እጄን አወጣሁ። «ከመፈረሙ በፊት ይነበብልን።»

እውነቱን ልናገር፣ ያሰብኩት ብልሃት አልነበረም። ባሌ ላይ ሲፈረም ዓይኔ እያየ ዝም ማለት አቅቶኝ ነው።

አቶ ኢዮስያስ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «አንደኛ፣ ሊቀመንበሩ አቶ ገብረወልድ ደክሞኛል፣ ልቀቁኝ አሉ። ጉባኤው ለመናቸው። አይ፣ በቃኝ፣ አትለምኑኝ፣ አልመለስም አሉ። ሁለተኛ፣ አቶ አብዱራሕማን…» እያሉ እስከ ዘጠነኛ ወረዱ። «የቀሩት አባላት ስድስት» ብለው ዘጉ።

አቶ ገብረወልድ ሳቁ። «እኔማ ተለምኜ የለ እንዴ።»

«መለመንዎ ተጽፏል» አሉ አቶ ኢዮስያስ። «እሺ ማለትዎ ነው የሌለው። ብለው ነበር?»

አቶ ገብረወልድ ፊት ለፊት ያሉትን አንድ በአንድ አዩ። አንድ «ኧረ ይቀመጡ» የሚል ሰው ቢገኝ ይበቃቸው ነበር። ሙክታር ጣሪያውን ይመረምራል። ሌላው የጫማውን ክር ይፈታል፣ መልሶ ያስራል። የእኔው ባል፣ አላህ ያሳያችሁ፣ ሊለምናቸው አፉን ከፈተ። አፈጠጥኩበት፤ ዘጋው።

«እንግዲህ አንድ ሰው ጎድሏል» አሉ አቶ ኢዮስያስ። «ነዋሪው ይምረጥ።»

«ዘሃራ ትግባ» አለች ጥሩነሽ፣ እኔን እያመለከተች። የታችኛው ሰፈር ሰው እጁን አወጣ። ስምንቱ ተቀናሾችም አወጡ።

አቶ ገብረወልድ ድምፃቸውን አለሰለሱ። «ወይዘሮ ዘሃራ ባለትዳር ናቸው፣ የቤት ጣጣም አለባቸው። ባናስቸግራቸው ይሻላል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ምን ማለት እንዳለብኝ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። «ኧረ እኔ ምን አውቄ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ እናቴ ገና በልጅነቴ ያስተማረችኝ ቃል ነው። ጆሮዬ ጋለ። አፈርኩ፣ ከልቤ አፈርኩ። የአቶ ኢዮስያስ ብዕር ግን ወረቀቱ ላይ ተቀስሮ ይጠብቃል።

«እሺ» አልኩ።

ከኋላዬ አንዲት ሴት «ውይ» አለች። ባሌ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አቶ ኢዮስያስ ቀና ሳይሉ ጻፉት።

መንገድ ላይ ባሌ «አንድ ጊዜ እንኳ ሳትግደረደሪ?» አለኝ። እኔም የገረመኝ እሱው ነበር።

በሳምንቱ፣ አቶ ገብረወልድ በሌሉበት፣ ከላይኞቹ ሦስቱ ከእኔ ጋር ሆኑና ቦኖው በአራት ለሦስት ድምፅ ታችኛው ሰፈር እንዲተከል ተወሰነ። እስከ ዛሬ ሰፈርተኛው ሲያየኝ «ያቺ ዓይን አውጣ» ይላል፤ ጄሪካኑን እየሞላ።