ጭቃ ጉልበት እና ጥቁሩ ትል

የግብርና ቢሮው ሰዎች «ጭቃ ጉልበት» ነበር የሚሉት። የቢሮው ፎቶ አንሺ ነው። የሚከፈለው ስብሰባና መታወቂያ ለማንሳት ቢሆንም ልቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ታላቅ እህቱ ጓሮ ሄዶ ይንበረከካል። በዝናቡ ወራት አበባ ያነሳል፣ ዝናቡ ሲያባራ ነፍሳት፣ ምድሩ ሲደርቅ ደግሞ ዘር። ሰባት ዓመት እንዲህ ሲዳክር ከእህቱ በቀር ፎቶዎቹን ልይልህ ያለው ሰው የለም። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ እትዬ ነው የሚላት። ኑሮዋ ጓሮዋ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ የንብ ቀፎዎች ናቸው። ፎቶ ባሳያት ቁጥር መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግና «የት አግኝተኸው ነው? ምን ይበላል?» እያለች ታደርቀዋለች።

አንድ ቀን በእትዬ ጓሮ የባቄላ ቅጠል ላይ ጥቁር፣ ጀርባው እሾህ እሾህ ያለው፣ ብርቱካናማ ነጥብ ጣል ጣል ያለበት ትል አገኘ። ከጥፍር አይበልጥም፤ አቅርቦ ሲያነሳው ግን አውሬ መሰለ። ፎቶው ስላማረለት በማግስቱ አትሞ የቢሮው ኮሪደር ላይ ለጠፈው።

ኃላፊው ሲያልፍ አየና ቆመ። ሰሞኑን «ሰብላችን በተባይ አለቀ» የሚል አቤቱታ መግቢያ መውጫ አሳጥቶታል። ጭቃ ጉልበትን ቢሮው አስጠራው።

«ይሄን የት አገኘኸው?»

«ባቄላ ላይ ነው ጌታዬ።»

«ሰብል የሚጨርሰው እሱ ነዋ?»

ጭቃ ጉልበት ትሉ ቅጠል ሲበላ አላየም። ከነቅጠሉ ብልቃጥ ውስጥ አስቀምጦታል፤ አድጎ ምን እንደሚሆን ሳያይ አፉን መክፈት እንደሌለበትም አሳምሮ ያውቃል። ግን ኃላፊው ወንበር ስቦ «ተቀመጥ» ሲለው ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ይመስለኛል» አለ።

በሳምንቱ የቢሮው የተባይ መድኃኒት መርጫ መኪና ወጣ። ከወንዝ ማዶ ይጀምራል ብለውት ስለነበር እህቱን ነገ አስጠነቅቃታለሁ ብሎ አደረ። መኪናው የጀመረው ከወዲህ ነው። በማግስቱ ሲደርስ እትዬ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፤ ግቢው በሞቱ ንቦች ተሸፍኖ ምስር የፈሰሰበት ይመስላል።

«ዘጠኙም?» አላት።

«ዘጠኙም።»

የትሉን ነገር ደብቆ መጥረጊያውን ተቀበላት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከብልቃጡ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ጥንዚዛ ወጣ። ሰብል የሚመጥጡትን ጥቃቅን ተባዮች ለቅሞ የሚበላ፣ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ወዳጅ። ብልቃጡን ይዞ ኃላፊው ዘንድ ገባ።

«ሪፖርቱ እኮ ወደ ላይ ሄዷል» አለው ኃላፊው፣ ቀና ሳይል። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይልቅ የፎቶ ክፍሉን ኃላፊነት ላንተ ልንሰጥህ ነው፤ አርፈህ ሥራህን ሥራ።»

ሹመቱን እንቢ አላለም። በዚያው ዕለት ከሥራ ሲወጣ ግን እህቱ ቤት ሄዶ አንድም ሳያስቀር ነገራት። እሷ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከውሃው አላወጣችም።

«ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው ያወራኸው?»

«አዎ እትዬ።»

«ለምን?»

«ጠየቀኛ። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

ያጠበችውን ሳህን ደግማ አጠበችው።

«ሰባት ዓመት ሙሉ ስጠይቅህ የኖርኩት እኔስ ማን ነኝ?»

እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገች።

«አንተን አልከለክልህም፤ የእናቴ ልጅ ነህ። ካሜራህ ግን እዚህ ጓሮ እንዳይገባ።»

ዝናቡ ሲመለስ ዱባው ቢጫ አበባውን ዘረገፈ፤ የአበባ ብናኝ የሚያዳርስለት ንብ ስለሌለ ግን ጨቅላው ፍሬ እየበሰበሰ ይረግፍ ጀመር። ጭቃ ጉልበት ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየመጣ፣ በቀጭን ብሩሽ ብናኙን ካንዱ አበባ ወስዶ ሌላው ላይ ያራግፋል። እትዬ በመስኮት ታየዋለች። ከዚያ ሁሉ አበባ አራት ዱባ ያዘ።

ሲደርሱ አንዱን ለራሷ አስቀርታ ሦስቱን ለጎረቤቶቿ መደበች።

«እነሱም ዘንድሮ ምንም አልያዘላቸውም» አለች።

ለእሱ አልሰጠችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ትልቁን ዱባ ትከሻው ላይ አድርጎ እስከ ጎረቤት በር አደረሰላትና ወደ ቢሮው ሄደ።