ለለቅሶ የተነቀለ እንሰት

ባሂራ ሁለተኛውን እንሰት ከነሥሩ ጥላ ቅጠሉን መመልመል ስትጀምር መሕቡባ ከአጥሩ ማዶ እየጮኸች ደረሰች።

"ምን ነክቶሻል? ይሄ እንሰት እኮ ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል! ለጋ ይነቀላል እንዴ?"

"ይፈለጋል።"

"ለምን?"

"ለለቅሶዬ።"

መሕቡባ የባሂራ ሟች ባል እህት ናት። የወንድሟን ሚስት እልህ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ይሄ ግን ባሰባት። ሰው ቢታመም ይተኛል፣ ይናዘዛል፤ ለገዛ ቀብሩ ቆጮ የሚያሰናዳ መስቃን ውስጥ ታይቶም አያውቅ።

"ትናንት ቡታጅራ ሆስፒታል ነበርኩ" አለች ባሂራ፣ ቢላዋውን ሳታስቀምጥ። "እግሬ ላይ ያለው ጥቁር እብጠት ካንሰር ነው አሉኝ። በደሜ ያለው ኤች አይ ቪ ያመጣው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። አዲስ አበባ ሄደሽ መድኃኒት ትጀምሪያለሽ ብለው ወረቀት ሰጡኝ። ምን ሊረባኝ? ለቀስተኛ መጥቶ ባዶ ቤት ከሚያገኝ ቆጮው ከወዲሁ ይብላላ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ!"

"ኧረ አታሟርቺ!" አለችና መሕቡባ እንባዋ መጣ። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ባሂራም የምታለቅስበት ፈልጋ የሄደች መስሏት ሥራዋን ቀጠለች።

መሕቡባ የሄደችው ግን ሳሌሃን ፍለጋ ነበር። ሳሌሃ እንሴኖ ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ ቫይረሱ በደሜ አለ ብላ በእድር ሴቶች ፊት የተናገረች ደፋር ናት። መሕቡባን አስከትላ ስትገባ ጓሮው በሷ ሞላ።

"አሰላሙ አለይኩም! ሟቿ የታለች?"

"ወአለይኩም ሰላም" አለች ባሂራ ሳትወድ።

ሳሌሃ እንሰቱ ግንድ ላይ ዘፍ ብላ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች። ቅልጥሟ ላይ እንደ ድሮ ቃጠሎ የጠቆረ ጠባሳ ተበታትኗል።

"ንኪው።"

ባሂራ በጣቷ ጫፍ ነካችው። ለስላሳ ነው፤ የሷ እግር ላይ እንዳለው አላበጠም።

"ጫማ አልገባልኝ ብሎ ነበር እኮ" አለች ሳሌሃ። "እንዳንቺው ካንሰር ተባልኩ። በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጡኝ። ያስመልሳል፣ ፀጉር ያረግፋል፣ አልዋሽሽም። ሚሊኒየሙ ሲከበር ራሴ ገና ፀጉር እያበቀለ ነበር። ይኸው አራት ዓመት ሊሞላው ነው። እናቴማ ለለቅሶዬ ብላ በድብቅ ቆጮ ቀብራልኝ ነበር።"

"ታዲያስ?"

"ራሴ በላሁት! ይጣፍጥ ነበር ደግሞ።"

መሕቡባ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ባሂራም ሳይታወቃት ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፊቷ ጠቆረ።

"ሁሉም ይድናል?"

"አይድንም። አጠገቤ የተኛችውን ልጅ አላህ ወሰዳት። አርፍዳ ነው የመጣችው፣ ኪኒኑንም አቋርጣ ነበር። አንቺ አቋርጠሽ ታውቂያለሽ?"

"አንድም ቀን።"

"እንሰት ነቅሎ የሚጥል ጉልበትም አለሽ። ምን ቀረሽ?"

ባሂራ ቢላዋውን አስቀመጠች። እንባዋን ከትናንት ጀምራ አፍና ይዛው ነበር፤ አሁን ለቀቀችው።

"ሞቱን አይደለም የፈራሁት" አለች። "ሰው በማላውቅበት አገር፣ አንድ ሰው ሳይኖረኝ አልጋ ላይ መቅረቱን ነው።"

"ታዲያ ይሄን መናገር አቅቶሽ ነው እንሰት የምትፈጂው? ሰኞ ቅቤዬን ይዤ መርካቶ እገባለሁ። መጀመሪያ አንቺን ሆስፒታል አድርሼ፣ አልጋሽን አይቼ ነው የምሄደው። ስመለስም አይሻለሁ።"

መሕቡባ መውቂያውን አንስታ ወደ ወደቁት እንሰቶች ሄደች።

"በሉ፣ የተነቀለ አይመለስ። አምቾውን ልቀጥቅጠው።"

አምቾ ከሥር ያለው ወፍራሙ ክፍል ነው፤ ተቀጥቅጦ ከቆጮው ጋር ይብላላል። መሕቡባ መውቂያውን ከፍ ስታደርግ ባሂራ ተንደርድራ ክንዷን ያዘቻት።

"ተዪው!"

"ምነው?"

"ለጋ ነው። ልቡን ቦርቡሬ ብቀብረው ብዙ ችግኝ ይሰጣል።"

መሕቡባ መውቂያውን ዝቅ አደረገች። ባሂራን ትኩር ብላ አየቻት።

"ባሂራ፣ ከዚህ የሚወጣ ችግኝ ለቆጮ የሚደርሰው እኮ ከስንት ዓመት በኋላ ነው።"

"አውቃለሁ" አለች ባሂራ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። "ሰኞ ሳይደርስ ልቅበረው። ዶማውን አቀብዪኝ።"