ለእግሩ የሚሆን ሞተር

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነዳ እንጂ ባሕር ላይ ወጥቶ አያውቅም። «ካፒቴን» የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት፤ ያውም ተቆጥታ። ጡረታ ወጥቶ የሳሎኑን ጠረጴዛ በሙጫና በእንጨት ፍቅፋቂ ሞልቶ ትንንሽ ጀልባ መሥራት ሲጀምር፣ «ካፒቴን፣ መርከብህን አንሣልኝ፣ ምሳ ላቅርብበት» አለችው። ስሙ በዚያው ጸደቀ፤ ጎረቤቱም ልጆቹም ካፒቴን አሉት። እሷ ግን ጀልባዎቹን አንድ ቀን ወዳቸው አታውቅም። ልብስ ሰፊ ናት፤ በቤቷ ከክር ቁራጭ ሌላ ጉድፍ ማየት አትፈልግም። የሰፈሩ መናፈሻ ኩሬ ድረስ ሄዳ ሲንሳፈፉ ለማየት እንኳ አሻፈረኝ ብላ ኖረች። የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ወረሳት።

የካፒቴኑ ጀልባዎች ሪሞት የላቸውም። «ሪሞት የሰነፍ ነው» ይል ነበር። የጀልባዋን መሪ አስተካክሎ ከኩሬው በዚህኛው ዳር ይለቃታል፤ ማዶ ደግሞ ተቀባይ ይቆማል። ተቀባዩ ሲያገኛት እጁን ያነሣል፤ ለቃቂውም እጁን አንሥቶ ይመልስለታል። ሕጉ ይኸው ነው። ተቀባይ ከሌለ ጀልባዋ ከድንጋዩ ጋር ተላትማ አፍንጫዋ ይሰበራል። ድሮ ተቀባዩ በአውቶቡሱ ላይ ትኬት ይቆርጥ የነበረ ወዳጁ ነበር። ያ ሰው ሲሞት ካፒቴኑ ለቃቂም ተቀባይም ራሱ ሆነ፤ ይለቃትና ዳር ዳሩን ሮጦ፣ ቀድሟት ማዶ ይደርሳል። ሰው ይሥቅበታል፤ እሱ እቴ!

ከዚያ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ሰነፉ፤ አንደበቱ ተያዘ። ከሆስፒታል ሲመለስ የመጨረሻዋ ጀልባ፣ ሆደ ሰፊ ቀይ ጎታች ጀልባ፣ ሞተርና ውሃ ገፊው ፕሮፔለር ብቻ ቀርቷት ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ቤት እየመጣች እግሩን የምታለማምደው ፊዚዮቴራፒስት አንድ ቀን ሚስትየዋን ወደ ኮሪደሩ ስባ ቁርጡን ነገረቻት።

«እማማ፣ እግሩ አልሞተም። እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። አሁን ካልተራመዱ ጡንቻው ይከዳቸዋል፤ ያኔ እኔም ምንም አላደርግላቸው።»

እውነቷን ነው። ምርኩዙን ሲሰጡት ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ያስደግፈዋል፤ ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ጀልባዋን ሲያይ ይውላል። ሚስትየዋ አሰበች፣ አወጣች፣ አወረደች። ጀልባዋ ካለቀች ደስታው ያነሣዋል አለች። መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጣለች ወደ ሞተር ሻጩ ሱቅ ሄደች።

«ልጄ፣ ክንዴን ለምታህል ጀልባ ሞተር ስጠኝ። ጠንካራ ይሁን።»

ሰጣት፤ ፈጣን ሞተርና ትንሽ የፕላስቲክ ፕሮፔለር። የስፌት ማሽን ሞተር ፈትታ የምትገጥም ሴት ናት፤ ይሄ አላቃታትም። የልብስ ማጠቢያውን ገንዳ ከወንበሩ ፊት ሞልታ አስገባቻት። ጀልባዋ ተፈትልካ ጠርዙን ገጨች፤ ወለሉ ውሃ በውሃ ሆነ። ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች። «አየህ? ትበራለች! አንተ ከወንበርህ ትለቃታለህ፣ እኔ ማዶ እቀበላታለሁ።»

ካፒቴኑ ጀልባዋን በግራ እጁ ገፋትና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ደከመችበት ማለት ነው፣ አለች በሆዷ፤ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው በዚህ መቼ ይደሰታል! ተመልሳ ሄዳ ባለ ሦስት ክንፍ የነሐስ ፕሮፔለር፣ ትልቁን፣ ገዝታ እዚያው ፈጣን ሞተር ላይ አሰረችው። ሞተሩ አጓራ፣ ጋለ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ሞተር ሻጩ የከሰለውን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እማማ፣ ትልቅ ፕሮፔለር የሚገፋው ውሃ ብዙ ነው። ፈጣን ሞተር ላይ ሲታሰር ሞተሩ ይታነቃል። ትልቁ ከዝግተኛው፣ ትንሹ ከፈጣኑ ጋር ነው የሚጋባው። ነገሩ ጋብቻ ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።»

«ጋብቻውንስ እኔም አውቀዋለሁ» አለች፤ የባሰ ጉልበት ያለው ሞተር ከነተስማሚው ፕሮፔለር ይዛ ወጣች። ይሄኛው አልጋለም፣ አላጓራም። ጀልባዋ ገንዳው ጠበባት። ካፒቴኑ አሁንም ገፋት።

ትዕግሥቷ አለቀ። «እንግዲህ ምን ላድርግህ? ሱቁን ነቅዬ ላምጣልህ? መሞት ከፈለግህ በምልክት ንገረኝና እኔም አርፌ ልቀመጥ!» ብላ ጮኸች። ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ ጸጸታት። የወለሉን ውሃ የምትጠርግበትን ጨርቅ እንደ ያዘች እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ጎንበስ አለ። ከዚያ ጀልባዋን ከገንዳው አንሥቶ፣ ውሃዋ እየተንጠባጠበ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ከዚህኛው ዳር ወደዚያኛው ዥው አድርጎ ነዳትና ማዶ ሲደርስ በጣቱ አንጓ እንጨቱን ቋ አደረገው። ተላተመች። ቀጥሎ ሁለት ጣቶቹን በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደ እግር አቆመ። አንደኛው ጣት ይራመዳል፤ ሁለተኛው ይጎተታል። ገና ጥጉ ጋ ሳይደርሱ አቆማቸው። ማዶ ያለችውን ጀልባ አያት፤ ጣቶቹን አያቸው፤ በመጨረሻ ደረቱን ነካ።

«ተቀባዩ . . . አንተ ነህ?» አለች።

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ለካስ ሞተሩን የገፋው ደክሞበት አይደለም፤ እንዳይቀድመው ነው። እሱ መራመድን እያሰበ ነበር፤ ከወንበሩ አይነሣም ብላ የፈረደችበት እሷ ነች። እጁን ይዛ አለቀሰች፤ ካለቀሰች በኋላ ግን አፍንጫዋን ጠርጋ ተነሣች።

«እንግዲያው ተነሥ። ልብስ ሳይለኩ አይሰፋ፤ እርምጃህን ልለካው።»

ምርኩዙን አቀበለችው። ጠረጴዛውን ሲዞር ከኋላው ተከተለችው፤ ሳትደግፈው፣ ግን እጇን ከወገቡ ሳታርቅ። ይራመዳል፣ ይጎትታል፣ ያርፋል። እሷም እርምጃውን ትቆጥራለች።

ሱቁ ስትደርስ አፍ አልበቃትም። ከበሩ እስከ ባንኮኒው አንድ እግሯን እየጎተተች ሄዳ አሳየችው። «ከዚህ የማይቀድም ሞተር ስጠኝ።»

ሞተር ሻጩ ቀልዱን ዋጠ። ሣጥን ሲያምስ ቆይቶ ከአሮጌ የኮምፒውተር ማተሚያ የወጣ ሞተር አመጣ። «ይሄ ለብዙ ቮልት የተሠራ ነው። በትንሽ ባትሪ ሲያሠሩት ቀስ ብሎ ይዞራል፤ አይከዳም። ያንን ትልቁን የነሐስ ፕሮፔለር ለዚህ ይዳሩለት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ እማማ።»

«አሜን» አለች፤ የምሯን ነበር።

ጠረጴዛ ዞረው፣ ኮሪደር ለምደው፣ ደረጃውን ወርደው፣ በመጨረሻ ማለዳ ላይ ኩሬው ዳር ቆሙ። ካፒቴኑ መሪዋን በግራ እጁ አስተካከለና እንድትለቃት በአገጩ ጠቆማት። ሚስትየዋ ጎንበስ ብላ ለቀቀቻት። ቀይዋ ጀልባ ውሃውን ሳታስደነግጥ ጉዞ ጀመረች፤ እሱም ዳር ዳሩን ሄደ።

ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ምርኩዙ ላይ ተደገፈ፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። የሴትየዋ አጥንት ሁሉ ሩጪ አላት። ብትሮጥ ግን ዳግመኛ እንደማይነሣ ልቧ ያውቀዋል፤ አልተነቃነቀችም። ጀልባዋ ቀድማው ማዶ ደረሰች። ድንጋዩን በአፍንጫዋ ነካችው፤ አልተሰበረችም። ፕሮፔለሯ ቀስ እያለ ሲዞር እዚያው ተደግፋ ቆመች። ካፒቴኑ ጀልባዋን አየ፤ ዞሮ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ መራመድ ጀመረ።

ደረሰ። ምርኩዙን የያዘው በግራ እጁ ነው፤ ቀኙ አይነሣለትም። እጅ ለማንሣት ምርኩዙን መልቀቅ አለበት። ተይው፣ ይቅር፣ አየሁህ እኮ ልትለው ፈለገች፤ አላለችም። ካፒቴኑ ምርኩዙን ድንጋዩ ላይ አጋደመ፤ ቀና አለ፤ በሁለት እግሩ ቆሞ ግራ እጁን አነሣ።

እሷም የእሷን አነሣች። እሱ እስኪያወርድ አላወረደችውም።